የፈጣን ጥቅል አድራሾችና የአስተዳደር ውዝግብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ በአሜሪካ ለዩፒኤስ፣ ለፌዴክስና ለአማዞን ጥቅል የሚያደርሱ ወይም ሊቀጠሩ ያሰቡ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በሾፌሩና በማናጀሩ መካከል ያለው ውዝግብ ከምን ይመነጫል?

ከሰዓት ይመነጫል። ተራ ጥቅል የሚልክ ደንበኛ የሚከፍለው ዕቃው እንዲደርስለት ሲሆን፣ ፈጣን አገልግሎት የሚገዛ ደንበኛ ግን የሚከፍለው ዕቃው እስከተባለው ሰዓት ድረስ እንዲደርስለት ነው። ያንን ሰዓት የሚሸጠው የሽያጭ ክፍሉ ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ኩባንያው ነው፤ ሰዓቱን የሚያከብረው ግን መኪናውን የያዘው ሾፌር ነው። አውሮፕላኑ በጭጋግ ቢዘገይ፣ መጋዘኑ ውስጥ የጥቅል ማመላለሻው ቤልት ቢቆም፣ ሌሊት ጫኙ ዕቃውን በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው፣ የጠፋው ደቂቃ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው በመጨረሻው ሰው ጫንቃ ላይ ነው።

ፌዴክስ ሥራውን በጀመረበት በኤፕሪል 17 ቀን 1973 ሌሊት፣ ከሜምፊስ የተነሡ 14 ትንንሽ አውሮፕላኖች ወደ 25 የአሜሪካ ከተሞች ያደረሱት ጥቅል 186 ብቻ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያህል ጥቅል በአንድ ሾፌር መኪና ውስጥ ብቻ ተጭኖ ይገኛል። የሰዓቱ ቃል ኪዳን ግን እንደ ድሮው ነው።

“ቴን ተርቲ” የሚባለው ምንድን ነው?

በዩፒኤስ ኔክስት ዴይ ኤር፣ በፌዴክስ ደግሞ ፕራዮሪቲ ኦቨርናይት የሚባለው አገልግሎት ወደ አብዛኞቹ የንግድ አድራሻዎች በማግስቱ ጠዋት እስከ 10:30 ድረስ እንዲደርስ ይጠበቃል። በእኛ አቆጣጠር ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይህችን ስድስት ሰዓት እየደመረና እየቀነሰ መቸገሩ የተለመደ ነው። ከዚህ ቀድሞ የሚደርስ ውድ አገልግሎትም፣ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ረከስ ያለ አገልግሎትም አለ።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። ሰዓቱ 10:12 ሆኗል፤ ሾፌሩ ሦስት የኤር (የፈጣን አገልግሎት) ፖስታ ቀርቶታል። የመጀመሪያውን በአራት ደቂቃ ይጨርሳል። ሁለተኛው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ጥበቃው መዝገብ ላይ ስም ያስጽፋል፣ የዕቃ ማውጫው አሳንሰር ተይዟል፣ ሰባተኛ ፎቅ ሲደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ላይ ሆና በጣቷ “አንዴ ጠብቅ” ትለዋለች። ሲፈረምለት ስካነሩ 10:28 ይላል። ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ቢሆንም 10:33 ላይ ይደርሳል፤ ስካነሩም “ዘግይቷል” ብሎ ይመዘግባል። ማምሻውን በሱፐርቫይዘሩ ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሪፖርቱ ላይ የአሳንሰሩ ነገር አይጻፍም።

ኩባንያዎቹ ለዘገየ ጥቅል ገንዘብ እንመልሳለን የሚለውን ዋስትና በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲገባ አግደውት ነበር፤ በኋላም ለተወሰኑ አገልግሎቶች መልሰውታል። ይህም ሰዓቱ ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን የንግድ ውሳኔ መሆኑን በሚገባ ያሳያል፤ ኩባንያው ሲከብደው ሊያነሣው ይችላል፣ ሾፌሩ ግን ሲከብደው የሚያነሣበት መንገድ የለውም።

ኩሪየር፣ ኤር ሾፌርና ግራውንድ ሾፌር የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሥራቸው ይመሳሰላል፤ ደመወዛቸውና መብታቸው ይለያያል። በዩፒኤስ ቡናማውን መኪና ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ሾፌር የኤሩንም የግራውንዱንም (የተራውንም) ጥቅል ይዞ ይወጣል። ከእርሱ ሌላ፣ ጠዋት ለጥቂት ሰዓታት የኤር ጥቅል ብቻ የሚያደርሱ ፓርት ታይም ሾፌሮች አሉ፤ የሰዓት ክፍያቸውም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ለኤር ሾፌር ተራ ጥቅል ተጭኖለት ሲላክ ነገሩ የክፍያ ልዩነት ያለበት በመሆኑ ዩኒየኑ (የሠራተኞች ማኅበሩ) ዝም ብሎ አያልፈውም።

በፌዴክስ ደግሞ ኩሪየር የሚባለው የኩባንያው የራሱ ተቀጣሪ የሆነው የኤክስፕረስ ሾፌር ሲሆን፣ የግራውንድ ሾፌሩ የፌዴክስን ምልክት በለበሰ መኪና ቢሄድም ደመወዙን የሚከፍለው ከፌዴክስ ጋር የተዋዋለ ኮንትራክተር ነው።

ዩፒኤስ ዩኒየን ሲኖረው ፌዴክስ ለምን የለውም?

ብዙ ሰው መልሱ በሠራተኛው ወኔ ላይ ያለ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በሁለት የተለያዩ ሕጎች ሥር መሆናቸው ነው። የዩፒኤስ ሾፌሮችና የመጋዘን ሠራተኞች የሚተዳደሩት በ1935 በወጣው ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ መጋዘን ብቻውን ዩኒየን ለመመሥረት ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ከሠራተኛው 30 በመቶ የሚሆነው ከፈረመ ምርጫ መጠየቅ ይቻላል። የፌዴክስ ኤክስፕረስ ሠራተኞች ግን በ1926 ለባቡር ሠራተኞች በወጣውና በ1936 የአየር መንገዶችን በጨመረው ሕግ ሥር ናቸው። በዚህኛው ሕግ በአንድ የሥራ ዘርፍ ያሉ ሠራተኞች በመላ አገሪቱ እንደ አንድ አካል ይቆጠራሉ። የሲያትል ኩሪየሮች ለብቻቸው፣ የአትላንታ ኩሪየሮች ለብቻቸው መደራጀት አይችሉም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካሉት ኩሪየሮች ግማሽ ያህሉን ማስፈረም ያስፈልጋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠርና በየከተማው የተበታተነ ሠራተኛን በአንድ ጊዜ ማስፈረም ምን ያህል እንደሚከብድ ዕድር ወይም ማኅበር አስተባብሮ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም።

ሥራ ማቆምም እንዲሁ ይለያያል። በባቡርና አየር መንገድ ሕግ የሥራ ውል ቀኑ ሲደርስ አያበቃም፤ እስኪሻሻል ድረስ እየጸና ይቀጥላል። ስትራይክ ለማድረግ መጀመሪያ ብሔራዊ የሽምግልና ቦርድ “ድርድሩ አልሆነም” ብሎ ሁለቱን ወገን መልቀቅ አለበት፤ ከዚያም 30 ቀን የማብረጃ ጊዜ ይጠበቃል፤ ፕሬዚዳንቱም ጣልቃ ሊገባ ይችላል። የፌዴክስ አብራሪዎች ዩኒየን ያላቸው ቢሆኑም በ2023 የቀረበላቸውን ስምምነት በድምፅ ብልጫ ከጣሉት በኋላ እንኳ ወደ ስትራይክ ሳይሆን ወደ ሌላ ረጅም ድርድር ነው የገቡት።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የቆየ አይደለም። በ1995 በወጣ ሕግ “ኤክስፕረስ ኩባንያ” የሚለው ቃል ከባቡሩ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ1996 ግን በአቪዬሽን በጀት ሕግ ውስጥ ተጨምሮ ተመለሰ። በ2009 የተወካዮች ምክር ቤቱ የፌዴክስን የምድር ሠራተኞች ወደ ሌላኛው ሕግ የሚያዛውር አንቀጽ አሳልፎ ነበር። ፌዴክስ “ለቡናማው (ለዩፒኤስ) የተደረገ ድጎማ” የሚል ይዘት ያለው የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተበት፤ በ2012 በጸደቀው የመጨረሻ ሕግ ውስጥም አንቀጹ አልገባም። አንድ ቃል ስንት ሺህ ሰው ከድርድር ጠረጴዛ ሊያርቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የግራውንድ ሾፌር የማን ሠራተኛ ነው?

ፌዴክስ በ1998 የገዛውንና በኋላ ግራውንድ ብሎ የሰየመውን ኩባንያ ያስኬድ የነበረው ሾፌሮቹን ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች ናቸው በማለት ነበር። ሾፌሩ መኪናውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ነዳጁንና ጥገናውን ይችላል፣ ነገር ግን ዩኒፎርሙን፣ የመኪናውን ቀለምና የማድረሻ ሰዓቱን የሚወስንለት ኩባንያው ነበር። በኦገስት 2014 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያ ሾፌሮች ተቀጣሪዎች እንጂ ነጋዴዎች አልነበሩም ብሎ ወሰነ። ኩባንያው በ2015 ለካሊፎርኒያዎቹ 228 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2016 ደግሞ በ20 ግዛቶች ላሉ ሾፌሮች 240 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ የተለመደው አሠራር ፌዴክስ በንግድ ድርጅትነት ከተመዘገበ ኮንትራክተር ጋር ይዋዋላል፣ ኮንትራክተሩም ሾፌሮችን በራሱ ስም ይቀጥራል የሚለው ነው። ስለዚህ ደመወዝህ ቢዘገይ የምትከሰው ኮንትራክተሩን ነው፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ “ፌዴክስ የሚሰጠኝ ይህንኑ ነው” ይልሃል። ከእኛም ሰዎች መካከል ኮንትራክተር የሆኑ አሉ፤ በአንድ ቋንቋ ተናግሮ መግባባቱ ለሾፌሩ የሚጠቅመውን ያህል፣ “ወንድሜ፣ እኔና አንተ ወረቀት ምን ያደርግልናል” የሚባልበትም ጊዜ አለ። የሥራ ውልን በወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም።

በቀን ሒሳብ የሚከፈለኝ ከሆነ ኦቨርታይም አይገባኝም?

በብዙ ሁኔታ ይገባሃል። ከግዛት ግዛት የሚጓዝ ዕቃ የሚያጓጉዙ ሾፌሮች በፌዴራል ሕግ ከኦቨርታይም ውጭ ናቸው የሚባለው ለከባድ መኪና ነው። የምትነዳው መኪና የተፈቀደለት አጠቃላይ ክብደት ከ10,000 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ ግን ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራኸው ኦቨርታይም ሊከፈልህ ይገባል። ክብደቱ የሾፌሩ በር ሲከፈት በበሩ ፍሬም ላይ በሚታየው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል፤ በስልክህ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጠው።

አሰላሉን በምሳሌ ለማየት፣ በቀን 170 ዶላር እየተከፈለህ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በድምሩ 60 ሰዓት ሠራህ እንበል። የሳምንቱ ክፍያ 1,020 ዶላር ነው፤ ለ60 ሲካፈል በሰዓት 17 ዶላር ይሆናል። ለ20ው ትርፍ ሰዓት የሚጨመረው የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 8.50 ዶላር ስለሆነ በሳምንቱ 170 ዶላር ቀርቶብሃል ማለት ነው፤ የአንድ ሙሉ ቀን ደመወዝ። ያልተከፈለን ኦቨርታይም በፌዴራል ሕግ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነ ሦስት ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ የግዛቶች ሕግ ከዚህ ሊረዝም ይችላል። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በራስህ ማስታወሻ መያዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የአማዞን ሾፌሮችስ?

አማዞን በ2018 የጀመረው አሠራር ከግራውንዱ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ሰማያዊውን መኪና የሚነዱት የትንንሽ ኮንትራክተር ድርጅቶች ተቀጣሪዎች ናቸው። በ2023 በካሊፎርኒያ ፓልምዴል ከተማ ያሉ ሾፌሮች የዩፒኤስ ሠራተኞች ዩኒየን ወደሆነው ወደ ቲምስተርስ ገቡ፤ በኦገስት 2024 የ1935ቱን ሕግ የሚያስፈጽመው የብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የክልል ዳይሬክተር አማዞን ከኮንትራክተሩ ጋር የእነዚያ ሾፌሮች ጣምራ አሠሪ ነው የሚል ግኝት አወጣ። በዲሴምበር 2024 ከገና በፊት በሰባት ጣቢያዎች ስትራይክ ተደርጓል። አማዞን አሠሪነቱን አይቀበልም፤ ክርክሩም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የ1997ቱ ስትራይክ እስከ ዛሬ የሚወራው ለምንድን ነው?

ከኦገስት 4 እስከ 19 ቀን 1997 ድረስ 185,000 የሚሆኑ የዩፒኤስ ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው ነው። ዋናው ጥያቄያቸው ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ኩባንያው ሰው በሙሉ ቀን ከመቅጠር ይልቅ በፓርት ታይም እየቀጠረ መቀጠሉ ነበር። ሕዝቡ ጥቅሉ ቢዘገይበትም ከሾፌሮቹ ጎን ቆመ፤ በየቀኑ በር የሚያንኳኳን ሰው ከማያውቁት የቦርድ አባል ማስበለጥ ለማንም ቀላል ነው። ሲያበቃ ኩባንያው ፓርት ታይም ሥራዎችን አጣምሮ 10,000 የሙሉ ቀን ሥራ ለመፍጠር ተስማማ።

ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 1994 የተደረገችውን የአንድ ቀን ስትራይክ የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። ኩባንያው የሚቀበለውን ጥቅል ክብደት ከ70 ወደ 150 ፓውንድ፣ ወደ 68 ኪሎ ገደማ፣ በማሳደጉ የተነሣ ነበረች። ዛሬ ከባድ ጥቅል ሲያጋጥም ረዳት መጠየቅ መብት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰዓት ስለደረሰበት ብቻውን አንሥቶ ወገቡን የሚጎዳ ሾፌር ግን ዛሬም አይጠፋም።

በ2023 ምን ተለወጠ?

ታሪኩ ከ2018 ይጀምራል። በዚያ ዓመት የተፈረመው ውል ሁለተኛ ደረጃ ሾፌር ፈጠረ፤ ሠራተኞች በአንቀጹ ቁጥር “ሃያ ሁለት ነጥብ አራት” ይሏቸው ነበር። ያንኑ መኪና እየነዱ ያንኑ ጥቅል እያደረሱ የሚከፈላቸው ግን ያነሰ ነበር። ድምፅ ከሰጡት አባላት 54 በመቶ የሚሆኑት ውሉን ተቃውመውት ሳለ፣ ድምፅ የሰጠው ሰው ከግማሽ በታች ነው በሚል የዩኒየኑ የራሱ ደንብ ውሉ ጸደቀ። ቁጣው ከኩባንያው አልፎ ወደ ዩኒየኑ አመራር ዞረ፤ በ2021 የዩኒየኑ ምርጫ ሾን ኦብራየን ለፕሬዚዳንትነት አሸንፈው በማርች 2022 ሥልጣን ያዙ፤ ያ ደንብም ተሽሯል።

በጁን 2023 97 በመቶ የሚሆኑ ድምፅ ሰጪዎች ስትራይክን ፈቀዱ፤ ውሉ ጁላይ 31 ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጁላይ 25፣ ስምምነት ተደረሰ፤ በኦገስት 86.3 በመቶ ድምፅ ጸደቀ። ሁለተኛው የሾፌር ደረጃ ተሠረዘ፤ የፓርት ታይም መነሻ ክፍያ በሰዓት 21 ዶላር ሆነ፤ ከጃንዋሪ 2024 በኋላ የሚገዙ መኪኖች አየር ማቀዝቀዣ እንዲኖራቸው ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ የቡናማው መኪና የኋላ ክፍል በበጋ ምድጃ ነበር፤ ነባሮቹ መኪኖች እስኪተኩ ድረስ ደግሞ አሁንም ነው። ውሉ እስከ ጁላይ 31 ቀን 2028 ይጸናል።

የዩፒኤስ ሾፌር በእርግጥ በዓመት 170,000 ዶላር ያገኛል?

በኪሱ አይደለም። ይህን ቁጥር የጠቀሱት የዚያን ጊዜዋ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ካሮል ቶሜ ሲሆኑ፣ በአምስት ዓመቱ ውል ማብቂያ ላይ የሙሉ ቀን ሾፌር ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ተደምሮ በአማካይ የሚደርስበትን ማለታቸው ነበር። የጤና መድንና ጡረታ በውስጡ አለ። ከፍተኛው የሰዓት ክፍያ በውሉ መጨረሻ በአማካይ 49 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ በዓመት ወደ 102,000 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሰው በኦቨርታይም ያገኘው ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር፣ ወደ ከፍተኛው ክፍያ ለመድረስ በሾፌርነት አራት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ወደ ሾፌርነቱም የሚገባው አብዛኛው ሰው በመጋዘን በፓርት ታይም ጫኝነት ጀምሮ ተራ ጠብቆ ነው። “ዩፒኤስ ገባሁ” ያለ ዘመድ ሁሉ 170,000 ዶላር እየተከፈለው አለመሆኑን አገር ቤት ላሉት ማስረዳት ከሥራው ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

ሱፐርቫይዘር የቀረውን የኤር ጥቅል ራሱ ይዞ ቢወጣ ምን ችግር አለው?

እርዳታ ይመስላል፤ ለዚያ ቀንም እርዳታ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዩፒኤስ ውል መሠረት የአስተዳደር ሰዎች፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የሠራተኛውን ሥራ እንዳይሠሩ ተከልክሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በየጠዋቱ በግል መኪናው አምስት ፖስታ ይዞ ከወጣ፣ አንድ ተጨማሪ የኤር ሾፌር የሚያስፈልግ መሆኑ በሪፖርት ላይ አይታይም፤ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል። ጥሰቱ ሲረጋገጥ ሥራው ይገባው የነበረ ሠራተኛ ሱፐርቫይዘሩ ለሠራበት ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል።

ቅሬታ ወይም ግሪቫንስ የሚሞላ ሰው ቀኑን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገና ያየው ሌላ ሰው ካለ ስሙን መጻፍ አለበት። “ሁልጊዜ ነው የሚሠሩት” የሚል ቅሬታ እውነት ቢሆንም የትም አይደርስም።

በየቀኑ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ማሠራት ይችላሉ?

ዩኒየን በሌለበት ቦታ፣ የፌዴራል የማሽከርከር ሰዓት ገደብ በሚመለከተው መኪና ላይ እስካላለፉ ድረስ፣ ኦቨርታይሙን እየከፈሉ ማሠራት ይችላሉ። በዩፒኤስ ውል ግን “ዘጠኝ ነጥብ አምስት” የሚባል ዝርዝር አለ፤ ስሙን ያስመዘገበ ሾፌር በሳምንት ሦስት ቀን ከ9.5 ሰዓት በላይ ከሠራ ቅሬታ አቅርቦ የቅጣት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ስሙን ያላስመዘገበ ሰው በዚህ መብት መጠቀም አይችልም፤ ይህን ሳያውቁ ዓመታት የቆዩ ብዙ ናቸው።

በካሜራና በስካነር መረጃ ብቻ ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

እንደ ቀጣሪህ ይለያያል። የ2023ቱ የዩፒኤስ ውል ፊቱን ወደ ሾፌሩ ያዞረ ካሜራን ከልክሏል፤ ከመኪናው መከታተያ በተገኘ መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ማባረርንም፣ ሾፌሩ በማታለል ካልተጠረጠረ በቀር፣ ይገድባል። በአማዞን ኮንትራክተሮች መኪና ውስጥ ግን ከ2021 ጀምሮ መንገዱንም ሾፌሩንም የሚያይ፣ ማዛጋትና ስልክ ማየትን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ባለ አራት ሌንስ ካሜራ ገብቷል፤ ውጤቱን የሚከራከርበት ዩኒየን ያለው ሾፌርም ጥቂት ነው።

ዩኒየን በሌለበት ቦታ ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ቅሬታ ባቀርብ?

በ1935ቱ ሕግ ሥር ያለ ሠራተኛ ዩኒየን ባይኖረውም፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ መነጋገርና መጠየቅ የተጠበቀ መብቱ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ይህን መብት አያስቀርም፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ለሚሠራ ሰው ግን የሚታዘዝለት ካሳ ውሱን ነው። በቀል ከደረሰ በስድስት ወር ውስጥ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ ክስ ማቅረብ ያስፈልጋል። “ከሌሎች ጋር” የሚለው ቃል ዋና ነገር ነው፤ ለብቻህ ስለ ራስህ ብቻ ማናጀሩ ቢሮ ገብተህ የተጨቃጨቅኸው በዚህ ሕግ ላይሸፈን ይችላል። ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ዩኒየን ያለው ሠራተኛ ደግሞ ለቅጣት ሊያበቃ ለሚችል ምርመራ ሲጠራ ሾፕ ስቱዋርዱ (በሥራ ቦታው ያለው የዩኒየኑ ተወካይ) እንዲገኝለት የመጠየቅ መብት ከ1975ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ አለው፤ ካልጠየቀ ግን ማንም አይጠራለትም።

የፌዴክስ መቀላቀልና የዩፒኤስ ቅነሳ ለሾፌሩ ምን ማለት ነው?

ፌዴክስ ኤክስፕረስንና ግራውንድን በጁን 1 ቀን 2024 በአንድ ኩባንያ አዋሕዷል፤ ጣቢያዎቹንም ደረጃ በደረጃ እያጣመረ ነው። በአንዳንድ ከተሞች የኤክስፕረስ ጥቅል ለኮንትራክተር ሾፌሮች ተሰጥቷል፤ ለኩሪየሩ ይህ ሥራ ማጣት ወይም መዛወር ነው፤ ለግራውንድ ሾፌሩ ደግሞ በለመደው መቶ ምናምን ጥቅል ላይ የሰዓት ገደብ ያለበት ፖስታ መጨመር ነው። ተራውን መንገድ በቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው ለአንድ ፖስታ ከተማውን አቋርጦ ተመልሶ ሲመጣ የሚያጠፋውን ግማሽ ሰዓት በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሾፌር ከራሱ ነው የሚያወጣው።

ዩፒኤስ በበኩሉ በጃንዋሪ 2025 የአማዞንን ጥቅል እስከ 2026 አጋማሽ ድረስ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ሕንፃዎች ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ለሾፌሮች በፈቃደኝነት የመልቀቂያ ክፍያ አቀረበ፤ በኦክቶበር ደግሞ 34,000 የኦፕሬሽንና 14,000 የአስተዳደር የሥራ ቦታዎችን መቀነሱን ገለጸ። ቲምስተርስ የመልቀቂያ ክፍያው ውሉን ይጥሳል ሲል ተቃውሟል፤ ኩባንያው ከሠራተኛው ጋር በቀጥታ መደራደሩ ነው ይላል። ክፍያውን ለመቀበል የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ጡረታውና የጤና መድኑ ምን እንደሚሆን ከዩኒየኑ ቢሮ ሊጠይቅ ይገባል።

ማናጀሬ “10:30 ሳይሞላ ስካን አድርገው፣ በኋላ ታደርሰዋለህ” ቢለኝስ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ በቃል፣ በስልክ፣ በችኮላ ነው የሚመጣው። እኔ ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት አንድ ጠዋት እንዲሁ ተብዬ፣ በረዶ ስለነበር ሁሉም እንደዚያው ያደርጋል ብዬ አራት ፖስታ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስካን አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ አንዷ ተቀባይ “ደርሷል ይላል፣ የለም” ብላ ደወለች። መሣሪያው ስካን የተደረገበትን ቦታ መዝግቦት ነበር፤ ከበሯ ሁለት ማይል ይርቃል። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ስለ ስልኩ ምንም እንደማያስታውስ ተናገረ።

በብዙ ውሎች ማታለል ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያባርሩ ጥፋቶች አንዱ ነው፤ መዘግየት ግን አይደለም። ስለዚህ ዘግይቶ “ዘግይቷል” ተብሎ መመዝገብ ይሻላል። ትእዛዙ ሲሰጥህ “በመሣሪያው መልእክት ጻፍልኝ” በለው፤ ካልጻፈ ራስህ “10:24 ላይ አራት የኤር ጥቅል ቀርቶኛል፣ አልደርስም” ብለህ ላክ። ሰዓቱ ከማለፉ በፊት የተላከ መልእክት ሌላ ሾፌር ለመላክም ሆነ ደንበኛውን ለማሳወቅ ዕድል ስለሚሰጥ፣ ኃላፊነቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደ ቢሮው ይዞራል። የመልእክቱን ፎቶ በግል ስልክህ ያዝ፤ መሣሪያው ማታ ላይ ለኩባንያው ነው የሚመለሰው።